ለዓይን ምርመራ የብርሃን ምንጮችን ማጣመር፦ የስሊት ላምፕ አብርሆት ስሌታዊ ቅኝት

አኅጽሮተ ጥናት

ስሊት ላምፕ ዓይንን በጠባብ የብርሃን ሰንጥቅ እያበራ በማይክሮስኮፕ የሚያሳይ የምርመራ መሣሪያ ነው። ይህ ጽሑፍ የሃሎጅን አምፖል ቮልቴጅ ሲቀንስ የሚጠፋውን ሰማያዊ ብርሃን በስሌት ያሳያል፤ ነጭ ኤልኢዲ ብቻውን ሲሠራ የሚተወውንም ክፍተት ይጠቁማል። በመጨረሻም ምንጮችን በሞገድ ርዝመት ለይቶ ማጣመር ከሌሎች የማጣመሪያ መንገዶች የሚሻልበትን ምክንያት ያስረዳል።

1. መግቢያ

አልቫር ጉልስትራንድ እ.ኤ.አ. በ1911 የስሊት ላምፕን አብርሆት ካስተዋወቀ ወዲህ የመሣሪያው መሠረታዊ መርሕ አልተለወጠም። በእጅጉ የተለወጠው የብርሃን ምንጩ ነው፤ ከኔርንስት አምፖል ወደ ሃሎጅን፣ ከሃሎጅን ወደ ኤልኢዲ ተሸጋግሯል።

የምንጩ ዓይነት በምርመራው ውጤት ላይ የሚኖረው ድርሻ በፍሉረሰሲን ምርመራ ጎልቶ ይታያል። ይህ ቀለም በ490 ናኖሜትር አካባቢ ያለውን ሰማያዊ ብርሃን ወስዶ በ520 ናኖሜትር አካባቢ አረንጓዴ ብርሃን ይሰጣል፤ በዚህም የኮርኒያ ጭረትና ቁስለት ይለያል። ሰማያዊው ብርሃን ከደከመ ጥቃቅን ጭረቶች ሳይታዩ ሊታለፉ ይችላሉ። እ.ኤ.አ. በ2005 እና 2006 በኢትዮጵያ የተካሄደው አገር አቀፍ ጥናት ከዓይነ ስውርነት ምክንያቶች 11.5 በመቶው በትራኮማ የመጣ የኮርኒያ ጠባሳ መሆኑን አሳይቷል። ወደ ውስጥ የታጠፈ ሽፋሽፍት ኮርኒያን የሚፋቅባት አገር ለዚህ ምርመራ ጥራት ቸልተኛ ልትሆን አትችልም።

2. የሃሎጅን አምፖል ውስንነት

የአምፖሉን ክር እንደ ጥቁር አካል ቆጥረን በ3000 ኬልቪን የፕላንክን ሕግ ብንጠቀም፣ በ470 ናኖሜትር የሚወጣው ጨረር በ650 ናኖሜትር ከሚወጣው 30 በመቶ ያህል ብቻ ነው። ማረጋጊያ በሌለበት ቮልቴጁ በ10 በመቶ ቢቀንስ፣ በተለመደው የአምፖል ቀመር መሠረት የክሩ ሙቀት ወደ 2870 ኬልቪን ገደማ ይወርዳል። በዚህ ጊዜ በ650 ናኖሜትር ያለው ጨረር በ28 በመቶ፣ በ470 ናኖሜትር ያለው ግን በ37 በመቶ ያህል ይቀንሳል። ስለዚህ በኃይል መዋዠቅ ይበልጥ የሚጎዳው የፍሉረሰሲን ምርመራ ነው። መርማሪው ነጩን ብርሃን አይቶ ጉድለቱ ቀላል ነው ብሎ ሊገምት ይችላል።

3. የነጭ ኤልኢዲ ክፍተት

የተለመደው ነጭ ኤልኢዲ በ450 ናኖሜትር አካባቢ ሰማያዊ ብርሃን የሚያመነጭ ቺፕ በፎስፈር ተሸፍኖ የሚሠራ ነው። የብርሃን ስርጭቱ በ480 ናኖሜትር አካባቢ ይሰረጉዳል፤ ከ650 ናኖሜትር በላይም ይመናመናል። የመጀመሪያው ጉድለት የፍሉረሰሲንን መነቃቃት ይነካል፤ ሁለተኛው የዓይን ቅላትንና የእይታ ነርቭ ራስን የቀለም ልዩነት ለመለየት ያስቸግራል።

4. የማጣመሪያ መንገዶች

ምንጭ መጨመር ሁልጊዜ ድምቀት መጨመር ማለት አይደለም። ስሊት ላምፕ ሊቀበለው የሚችለው ኤቴንዱ፣ ማለትም የምንጩ ስፋትና የጨረሩ ማዕዘን ብዜት፣ ውሱን ነው። ሁለት ኤልኢዲዎችን ጎን ለጎን ማስቀመጥ ይህን መጠን ያሳድጋል፤ ከወሰኑ ያለፈው ብርሃን ይባክናል። ሁለት ተመሳሳይ ምንጮች በግማሽ አሳላፊ መስተዋት ቢጣመሩም እያንዳንዱ ግማሹን ያጣል። ድምሩ የአንዱ ምንጭ ድምቀት ብቻ ይሆናል።

ዳይክሮይክ መስተዋት ግን አንዱን የሞገድ ርዝመት አንጸባርቆ ሌላውን ያሳልፋል። በ480 ናኖሜትር አካባቢ ጠባብ ክልል የሚያንጸባርቅ መስተዋት ከነጩ ኤልኢዲ የሚያስቀረው ብርሃን አስቀድሞ የተመናመነውን ክፍል ነው። በምትኩ የሚገባው ልዩ ኤልኢዲ ክፍተቱን ይሞላል። ለ660 ናኖሜትር ቀይ ኤልኢዲም ይኸው ምክንያት ይሠራል። በመሆኑም የምንጩ ጉድለት ራሱ ለማጣመር አመቺ ቦታ ይሆናል።

5. ደኅንነትና ገደቦች

የሰማያዊ ብርሃን በሬቲና ላይ የሚያደርሰው ጉዳት በሚመዘንበት ዓለም አቀፍ መለኪያ የ450 ናኖሜትር ክብደት 0.94፣ የ480 ናኖሜትር 0.45 ነው። ስለዚህ ለፍሉረሰሲን ነጩን አጥፍቶ በ480 ናኖሜትር ምንጭ ብቻ መሥራት በተመሳሳይ ኃይል አደጋውን ወደ ግማሽ ገደማ ያወርዳል። ሆኖም ሦስት ጥንቃቄዎች ያስፈልጋሉ። አንደኛ፣ ወደ 500 ናኖሜትርና ከዚያ በላይ የሚዘልቀው የምንጩ ጫፍ በማጣሪያ ካልተቆረጠ ከፍሉረሰሲኑ አረንጓዴ ጋር ይቀላቀላል። ሁለተኛ፣ የ480 ናኖሜትር ብርሃን በሜላኖፕሲን አማካይነት የዓይን ብሌንን በብርቱ ያጠብባል፤ ማስፊያ ጠብታ ሳይደረግ ሬቲና ሲመረመር መጥፋት አለበት። ሦስተኛ፣ የምንጮቹ ምስሎች በትክክል ካልተደራረቡ በሰንጥቁ ጠርዝ ላይ የቀለም መስመር ይፈጠራል፤ መርማሪውም የዓይን ለውጥ አድርጎ ሊወስደው ይችላል።

6. መደምደሚያ

ከላይ የቀረበው ስሌት እንጂ የክሊኒክ ውጤት አይደለም። ቀጣዩ እርምጃ የተጣመረውን ብርሃን በስፔክትሮሜትር መለካት፣ በሰው ሠራሽ ዓይን ላይ መፈተንና የመርማሪዎችን የመለየት ብቃት ከነባሩ አብርሆት ጋር ማነጻጸር ነው። እስከዚያው ድረስ ሃሎጅን የሚጠቀሙ ክሊኒኮች ቮልቴጅን በማረጋጋት ብቻ ከሚያጡት ሰማያዊ ብርሃን አብዛኛውን ማትረፍ ይችላሉ። የብርሃን ምንጭ የሚመረጠውም ለመርማሪው ዓይን ደምቆ በመታየቱ ሳይሆን ምርመራው በሚፈልገው የሞገድ ርዝመት በሚሰጠው ጨረር ሊሆን ይገባል።