የሌሊት ዕረፍትና የወንድ ጤና

በብዙ ቤት ልጅ ሲታጣ ጥፋቱ በሚስት ላይ ይጣላል። ነገር ግን ምክንያቱ በባልም በኩል ሊሆን ይችላል። ቴስቶስቴሮን የተባለው የወንድ ሆርሞን ለዘር መፈጠር አስፈላጊ ነው። የሰውነት ስብ ሲበዛ የዚህ ሆርሞን ከፊሉ ኤስትሮጅን ወደተባለው የሴት ሆርሞን ይለወጣል።

እንቅልፍ ማጣትም ይጎዳዋል። በፈረንጅ አቆጣጠር በ2011 በወጣው የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ጥናት፣ 10 ጤነኛ ወጣቶች ለ1 ሳምንት በየሌሊቱ 5 ሰዓት ብቻ ቢተኙ፣ ሆርሞኑ በቀን ከ10 እስከ 15 በመቶ ጎደለባቸው።

ሜላቶኒን ደግሞ በአንጎል ውስጥ ያለችው ፒኒያል የተባለች ትንሽ ዕጢ ሲጨልም የምታመነጨው ሆርሞን ነው፤ የመብራት ብርሃን ይቀንሰዋል። ቅባት የበዛበት ምግብ ለበሉ አይጦች ሜላቶኒን ቢሰጣቸው ውፍረታቸው ቀንሶ፣ ኢንሱሊንም በደኅና ሲሠራላቸው ታይቷል። ሆኖም በአይጥ የታየው ሁሉ በሰው ይደገማል ማለት አይደለም።

ስለዚህ ልጅ ያጣ ባል በሚስቱ ከመፍረዱ በፊት ከእርሷ ጋር ይመርመር። የሜላቶኒን ክኒን ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይዋጥ። ቅባት ይቀንስ፣ ራቱን በጊዜ ይብላ፣ መብራቱን አጥፍቶ ይተኛ። መምህራንም ይህን ለወላጆች ቢያስረዱ ብዙ ትዳር ከጠብ ሊድን ይችላል።