ምዕራፍ 5፦ ደመወዙ ከመግባቱ በፊት

የብዙ ወጣት ደመወዝ ገና ባንክ ሳይገባ ያልቃል። በዱቤ የተወሰደ ስልክ አለ፤ ለጓደኛ ሠርግ የሚዋጣ አለ፤ ከሥራ ባልደረባ የተበደሩት የታክሲ ብር አለ፤ ለእናት «ሥራ ስይዝ» ተብሎ የተገባ ቃል አለ። ገንዘቡ በገባ በአምስተኛው ቀን ሒሳቡ ይራቆትና «ምን እንደበላው እንጃ» ይባላል። አማኝ ከሆንን ደግሞ እንጨምራለን፦ «እግዚአብሔር ያውቃል።»

እሱማ ያውቃል። ችግሩ እኛ አለማወቃችን ነው። ጌታ ኢየሱስ በሉቃስ 14 ግንብ ሊሠራ ስለተነሣ ሰው ሲናገር፣ አስቀድሞ ተቀምጦ ወጪውን ያልቆጠረ ሰው ጅምሩን ታቅፎ መሳቂያ እንደሚሆን አስተምሯል። ቁጥር መያዝ የእምነት ማነስ አይደለም። ገንዘቡ እጃችን ከመግባቱ በፊት የት እንደሚውል መወሰን የታማኝነት አንዱ ክፍል ነው። ይህ ምዕራፍ የሚያሳየው ውሳኔው እንዴት እንደሚሠራ ነው።

ዮሴፍ በጥጋብ ዘመን የሠራው ሥራ

የዮሴፍን ታሪክ ስንሰብክ ብዙ ጊዜ ከጉድጓዱና ከእስር ቤቱ ተነሥተን ዙፋኑ ላይ እንጨርሳለን። የገንዘብ ትምህርቱ ያለው ከዚያ በኋላ ነው። ዘፍጥረት 41 ላይ ዮሴፍ የፈርዖንን ሕልም ከፈታ በኋላ ዕቅድ አቀረበ፦ በሰባቱ የጥጋብ ዓመታት ከምድሪቱ ምርት አንድ አምስተኛው ይሰብሰብ፣ በየከተማው ይከማች፣ ኃላፊም ይሾምበት። ልብ በሉ፤ ረሃቡ እንደሚመጣ የነገረው እግዚአብሔር ነው፤ ጎተራውን የሠሩት ግን ሰዎች ናቸው።

ምዕራፍ 47 ደግሞ ስንቅ ያልነበራቸው ሰዎች የደረሰባቸውን በቅደም ተከተል ይነግረናል። መጀመሪያ ያላቸውን ብር ጨረሱ። ቀጥሎ ከብቶቻቸውን ሰጡ። በመጨረሻም መሬታቸውንና ራሳቸውን ለፈርዖን ሸጡ። ዛሬም መንገዱ ብዙ አልተለወጠም፦ መጀመሪያ ቁጠባ ያልቃል፣ ቀጥሎ ዕቃ ይሸጣል፣ ከዚያ የሚቀጥለው ወር ደመወዝ በብድር ይያዛል። ደመወዙ ሳይገባ የተበላበት ሰው ወሩን ሙሉ የሚሠራው ለአበዳሪው ነው።

ዮሴፍ የወሰነው በጥጋቡ ጊዜ ነበር። ለደሞዝተኛ የጥጋብ ጊዜ ማለት ደመወዝ የገባበት ቀን ነው፤ ያን ቀን ግን ሁሉም ነገር የሚቻል ስለሚመስል ለውሳኔ አይመችም። ስለዚህ ሁለት ወይም ሦስት ቀን ቀደም ብላችሁ ወረቀት ላይ ጨርሱት።

ወረቀቱ ምን ይመስላል?

ግብርና ጡረታ ተቆርጦ 10,000 ብር እጇ የሚገባ፣ አዲስ አበባ ውስጥ ከጓደኛዋ ጋር ቤት ተከራይታ የምትኖር ወጣት እናስብ። ወረቀቷ እንዲህ ሊሆን ይችላል፦ አሥራት 1,000፤ ቁጠባ 1,000፤ ለቤተሰብ 1,500፤ የቤት ኪራይ ድርሻ 2,500፤ ምግብ 2,500፤ ትራንስፖርት 800፤ ስልክ 200፤ ማኅበራዊ ጉዳይ 500። ድምሩ 10,000 ነው፤ ስም ያልተሰጠው ብር የለም።

የእናንተ ቁጥር ከዚህ ይለያል፤ ቅደም ተከተሉን ግን ጠብቁ። አሥራት፣ ቁጠባና የቤተሰብ ድርሻ ከላይ የተጻፉት ሆን ተብሎ ነው። «ከተረፈ እሰጣለሁ፣ ከተረፈ እቆጥባለሁ» የሚል ሰው ብዙ ጊዜ አይተርፈውም። የዮሴፍ አንድ አምስተኛ ከከበዳችሁ በአንድ አሥረኛ ጀምሩ፤ እሱም ከከበደ በ200 ብር። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።

ከቁጠባው ላይ 300 ብሩን ለብቻ አስቀምጡ። ዓመታችን 13 ወር፣ ደመወዛችን 12 ነው። ጳጉሜን ያለ ደመወዝ ታልፍና ዘመን መለወጫ፣ የታናናሾች የትምህርት ቤት ክፍያና መስቀል በአንድ ላይ ይመጣሉ። በወር 300 ብር በዓመት 3,600 ይሆናል፤ መስከረምን ያለ ብድር ለመሻገር ትልቅ እገዛ ነው።

ቁጥሩ አልገጥም ካለስ? ወረቀት ደመወዝ አይጨምርም። ጉድለቱ ስንት እንደሆነ ግን ያሳያል። «አይበቃኝም» ከማለት «በየወሩ 1,200 ብር ይጎድለኛል» ማለት ይሻላል፤ የትርፍ ጊዜ ሥራ ለመፈለግም ሆነ ርካሽ ቤት ለማየት መነሻ ይሆናል። ሐዋርያው ጳውሎስም ወንጌል እየሰበከ ድንኳን ይሰፋ ነበር።

አሥራት፣ ስጦታና የእናት ድርሻ

ኦርቶዶክሱ አሥራት በኩራት፣ ወንጌላዊው አሥራት ብሎ የሚያወጣው አንድ አሥረኛ ዓላማው ልብን ከገንዘብ ፍቅር ማላቀቅ ነው። ስለዚህ ከእግዚአብሔር ጋር የሚደረግ የንግድ ውል አናድርገው። በተለይ «ዘር ዝሩ፣ በእጥፍ ይመለሳል» ተብሎ ተበድራችሁ እንድትሰጡ ከተጠየቃችሁ 2 ቆሮንቶስ 8ን ክፈቱ። ስጦታ የሚመዘነው ሰው ባለው ልክ እንጂ በሌለው እንዳልሆነ ጳውሎስ እዚያ ጽፏል።

ለቤተ ክርስቲያን መስጠትም ከወላጅ ዕዳ ነፃ አያወጣም። በማርቆስ 7 ጌታ ኢየሱስ ለአባትና ለእናት ሊውል የሚገባውን «ቁርባን ነው» እያሉ ወላጆቻቸውን የሚተዉ ሰዎችን ገሥጿል። በእኛ አገር የበኩር ልጅ ደመወዝ የቤቱ ሁሉ ተስፋ ነውና ይህ ቃል በቀጥታ ይነካናል።

ይሁን እንጂ መጠኑ ያልታወቀ እርዳታ ሰጪንም ተቀባይንም ይጎዳል። እየደበቁ ከመሸሽ በግልጽ መነጋገር ይሻላል፦ «እማዬ፣ ወር በገባ በሁለተኛው ቀን 1,500 ብር እልክልሻለሁ። ሕመም ወይም ሌላ ድንገተኛ ነገር ከመጣ ደውዪልኝ፤ ለእሱ ለብቻ ያስቀመጥኩት አለ።» እናት ቀኑን ካወቀች እሷም ታቅድበታለች፤ ልጁም ስልኩ በጮኸ ቁጥር አይደነግጥም።

ብድር፣ ዋስትናና ዕቁብ

ምሳሌ 22 ተበዳሪ የአበዳሪ ባሪያ እንደሚሆን ይናገራል። ዛሬ ብድር ለማግኘት ደጅ መጥናት አያስፈልግም፤ ቴሌብርን በመሳሰሉ መተግበሪያዎች አነስተኛ ብድር በደቂቃዎች ይገኛል። ፍጥነቱ ዋጋውን እንዳይሸፍንባችሁ። ከ100 ብር በወር 5 ብር የሚያስከፍል ብድር ትንሽ ይመስላል፤ በየወሩ እየታደሰ ዓመት ከዘለቀ ግን 60 ብር ያስከፍላል። ለመድኃኒት መበደር ያለ ነው፤ ለበዓል ልብስ መበደር ግን የሚቀጥለውን በዓል መብላት ነው።

ዋስትና ላይ ደግሞ መጽሐፈ ምሳሌ ጠንከር ይላል። ምዕራፍ 6 ለሌላ ሰው ዋስ የሆነ ሰው እንቅልፍ ሳይወስደው ሄዶ ራሱን እንዲያስለቅቅ ይመክራል። «አንዲት ፊርማ ናት» ስትባሉ ራሳችሁን ጠይቁ፦ እሱ ባይከፍል እኔ ልከፍል እችላለሁ? ካልቻላችሁ «ወንድሜ፣ አቅሜ አይፈቅድም» በሉ። ዛሬ የሚሰማችሁ ሐፍረት ነገ ከሚመጣው ቂም ይሻላል።

ዕቁብ ጥሩ የቁጠባ ልማድ ነው፤ ይሉኝታውና ሰብሳቢው ሰው ጨክኖ እንዲቆጥብ ያደርጋሉ። ግን ሒሳቡን እወቁ። 10 ሰው በወር 1,000 ብር በሚጥልበት ዕቁብ መጀመሪያ የደረሰው ሰው 10,000 ብር ይዞ ይሄዳል፤ ከዚያ ውስጥ 9,000ው ወደፊት የሚጥለው፣ ያለ ወለድ የተሰጠው ብድር ነው። «ወጣልኝ» ብሎ የሚመነዝረው ከሆነ ዘጠኝ ወር ሙሉ ያለቀ ገንዘብ ይከፍላል። መጨረሻ የሚወጣለት ደግሞ ለሌሎቹ አበዳሪ ነው፤ ዋጋ በሚንርበት ጊዜ የገንዘቡ አቅም ይቀንስበታል። ስለዚህ ዕቁብን ለታቀደ ግዢ አድርጉት፤ ለድንገተኛ ችግር የሚሆነውን ገንዘብ ሌላ ቦታ ያዙ።

የተቆጠበው የት ይቀመጥ?

ብሔራዊ ባንክ በ2010 ዓ.ም. የቁጠባ ዝቅተኛ ወለድ 7 በመቶ እንዲሆን ወስኗል። በ2014 የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ በነበረበት ወቅት በዚያ ወለድ የተቀመጠ ብር ቁጥሩ ቢጨምርም የሚገዛው ነገር ቀንሷል። ባንክ የሚመቸው በማንኛውም ቀን ልታወጡት ለምትፈልጉት የሁለት ወይም የሦስት ወር ቀለብ ነው። ከዚያ በላይ ያለውን በመሥሪያ ቤት የቁጠባና ብድር ማኅበር፣ በሙያ ሥልጠና፣ ለሥራ በሚውል ዕቃ ላይ አውሉት። በ2017 ሥራ በጀመረው የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ በኩል አክሲዮን መግዛትም ይቻላል፤ ቢከስር ኑሯችሁን የማያናጋውን ገንዘብ ብቻ አስገቡ።

«በሦስት ወር እጥፍ» የሚል ጥሪ ከኅብረት ወይም ከዝማሬ ጓደኛ ቢመጣ እንኳ አትቸኩሉ። ሰውየው ጸሎተኛ መሆኑ ስለ ድርጅቱ ትርፍ ምንም አይነግራችሁም። «ገንዘቡ ከየት ይመጣል?» ብላችሁ ስትጠይቁ መልሱ «ሰው ስታስገቡ» ከሆነ የእናንተን ትርፍ የሚከፍለው ቀጥሎ የሚገባው ወንድማችሁ ነው።

የዚህ ሳምንት ሥራ

1. ያለፈውን ወር የባንክና የስልክ ገንዘብ ዝውውር ከፍታችሁ እያንዳንዱን ወጪ በምድብ ጻፉ።

2. ያለባችሁን ዕዳ ሁሉ፣ የ50 ብሩንም ጭምር፣ ከአበዳሪው ስምና ከመክፈያው ቀን ጋር ዘርዝሩ። ትንሹን ቶሎ ዝጉ፤ ለትልቁ ደውላችሁ ቀን ያዙ።

3. የሚቀጥለውን ወር ደመወዝ እስከ መጨረሻዋ ብር መድቡ። ከዚያ በወረቀቱ ላይ ጸልዩ፤ ለምታምኑት አንድ ታላቅ ሰውም አሳዩ።

4. ደመወዙ በገባ ዕለት አሥራቱን፣ ቁጠባውንና የቤተሰቡን ድርሻ አስቀድማችሁ አውጡ።

የመጀመሪያው ወር ወረቀት እንዳሰባችሁት አይሆንም፤ ምግብ ላይ ታልፋላችሁ፣ ያልታሰበ ለቅሶ ይመጣል። ቁጥሩን አስተካክላችሁ ቀጥሉ። በሚቀጥለው ምዕራፍ ለትዳር የተጫጩ ሁለት ሰዎች ይህን ወረቀት አብረው እንዴት እንደሚሞሉትና ሠርጉን በምን አቅም እንደሚደግሱ እናያለን።