«የአሸዋ ዝንብ» ሲባል አድማጩ ምን ይረዳል? የካላዛር ምርምርን ለማኅበረሰቡ ስለ ማስረዳት

መግቢያ

የድኅረ ምረቃ ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፉን በፈታኞች ፊት ማስረዳትን ይማራል። ያንኑ ውጤት ከሙያው ውጭ ላለ ሰው ማስረዳት ግን ራሱን የቻለ ችሎታ ነው። ይህ ጽሑፍ ጉዳዩን በካላዛር ምሳሌነት ይመለከታል። ከሰሜን ጎንደር ደጋማ አካባቢዎች ብዙ ሠራተኞች ለሰሊጥ አረምና አጨዳ ወደ መተማና ሑመራ ይወርዳሉ። ካላዛር ደግሞ ካልታከመ ከመቶ ታማሚዎች ከ95 በላይ የሚሆኑትን የሚገድል በሽታ ነው። ስለዚህ በአግባቡ ያልተላለፈ መልእክት ሕይወት ሊያስከፍል ይችላል።

የቃል ችግር

በሽታውን የምታስተላልፈው ነፍሳት በሙያ ጽሑፎች «የአሸዋ ዝንብ» ትባላለች። ስያሜው ቃል በቃል የተተረጎመ በመሆኑ አድማጩን ያሳስታል። ከሊማሊሞ ግርጌ በምትገኘው ድብ ባሕር ይህን የሚሰማ ገበሬ አሸዋ የሌለበት ቦታ ከስጋት ነፃ እንደሆነ፣ ተናካሿም በቀን የሚያያት የቤት ዝንብ እንደሆነች ሊያስብ ይችላል። እውነቱ ግን ሌላ ነው። ነፍሳቷ ከ3 ሚሊ ሜትር የማትበልጥ፣ ድምፅ የማታሰማና በአብዛኛው በሌሊት የምትናከስ ናት። በቆላው የምትገኘው በተሰነጣጠቀ የዋልካ መሬትና በግራር ዛፎች አካባቢ ነው። ቀዳዳው ሰፊ የሆነ አጎበርም አያግዳትም። ስለዚህ «ከትንኝ ያነሰች፣ ድምፅ የሌላት የሌሊት ተናካሽ» ብሎ መግለጽ ከስያሜው ይልቅ ያስረዳል።

«ሌይሽማንያሲስ» የሚለው ቃልም ተመሳሳይ ችግር አለው። ቃሉ ካላዛርንም በደጋው የሚታወቀውን ቁንጭርንም ያጠቃልላል። ሁለቱ ሳይለዩ ከቀረቡ ቁንጭርን የሚያውቅ ሰው የቆላውም በሽታ በቆዳ ላይ ቁስል ሆኖ እንዲወጣ ይጠብቃል። ካላዛር ግን በረዘመ ትኩሳት፣ በክሳትና በጣፊያ እብጠት ይታወቃል።

የሊቦ ከምከም ትምህርት

በደቡብ ጎንደር፣ በሊቦ ከምከም ወረዳ የተነሣው ወረርሽኝ ካላዛር መሆኑ የታወቀው በ1997 ዓ.ም. ነበር። ከዚያ በፊት መድኃኒት የተላመደ ወባ ተደርጎ ይታይ ነበር። የጤና ባለሙያን ያሳሳተ ምልክት ገበሬውንም ማሳሳቱ አይቀርም። በመሆኑም «ትኩሳት ካለ ወደ ሕክምና ይሂዱ» የሚለው ምክር ብቻውን በቂ አይደለም። «ከቆላ ከተመለሱ በኋላ ትኩሳቱ ከሁለት ሳምንት በላይ ከቆየ፣ ወደ ቆላ ወርደው እንደነበር ለሐኪሙ ይንገሩ» የሚለው ግን የሚፈጸም ተግባር ያመለክታል።

ማጠቃለያ

መልእክት መቀረጽ ያለበት አድማጩ ከሚያውቀው ቃልና ሊወስን ከሚገባው ነገር ተነሥቶ ነው፤ የት ይተኛል? መቼ ይታከማል? ተመራማሪው የጥናቱን ስልት ከመተረኩ በፊት ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ ማዘጋጀት አለበት። መልእክቱ መድረሱን የሚያረጋግጠውም «ገባዎት ወይ?» በሚለው ጥያቄ አይደለም፤ በይሉኝታ «አዎ» ይባላልና። ይልቁንም «የሰሙትን ለጎረቤትዎ እንዴት ይነግሩታል?» ብሎ ይጠይቅ። የተዛባው ቦታ ከመልሱ ይታወቃል፤ መታረም ያለበትም የአድማጩ መልስ ሳይሆን የተመራማሪው አነጋገር ነው።