የዕለት እንጀራ በእንሰት አገር

የዛሬው ትምህርታችን ጌታ ደቀ መዛሙርቱን ባስተማራቸው ጸሎት ውስጥ ስላለችው የዕለት እንጀራ ልመና ነው። ጸሎቱ በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 6 ይገኛል፤ ሁላችንም በቃላችን እንለዋለን። ዛሬ ግን እዚሁ ጋሞ፣ ጨንቻና ዶርዜ ላይ፣ ከጓሮው እንሰት አጠገብ ቆመን ቀስ ብለን እንየው።

የእንሰት ችግኝ ተተክላ ለቆጮ እስክትደርስ ከ4 እስከ 7 ዓመት ትወስዳለች፤ ብርድ በበዛበት ደጋ ደግሞ ትዘገያለች። ታዲያ ዛሬ ጠዋት የለመንነውና ማታ የምንበላው ቆጮ መቼ ተዘጋጀ? ገና ሳንለምን፣ ምናልባትም በገበታው ዙሪያ ከተቀመጡት ልጆች አንዳንዶቹ ሳይወለዱ። መግቦት የምንለው ይህ ነው፤ እግዚአብሔር ለዛሬው ረሀባችን ከዓመታት በፊት ያስባል።

«እንሰቱ ጓሮዬ ካለ ለምን እለምናለሁ?» የሚል ይኖር ይሆናል። እንሰት ድርቅን በመቻሉ በክፉ ዘመን ስንቱን ቤተሰብ አትርፏል፤ ይሁን እንጂ የተከለውም ሰው ለመብላት የሚደርሰው ዕድሜና ጤና ሲሰጠው ነው። ሐዋርያው ጳውሎስ በመጀመሪያይቱ የቆሮንቶስ መልእክት ምዕራፍ 3 ተካዩንም አጠጪውንም አይንቅም፤ ማሳደጉን ግን ለእግዚአብሔር ይሰጣል።

ቀጥሎ ያለውን ነጥብ ብዙዎቻችን እናልፈዋለን። ስጦታው ወደ አፋችን የሚደርሰው በሰው እጅ በኩል ነው። እናት መሬት ላይ ተቀምጣ ልጡን ዘንበል ባለ ጣውላ ላይ ታስደግፋለች፤ በእግሯ ይዛ በተሰነጠቀ ቀርከሃ ትፍቀዋለች። ሥሩ ይከተከታል። ከሚጨመቀው ውኃ ሥር ነጩ ቡላ ይዘቅጣል፤ ገንፎ ሆኖ ለአራስ ይሰጣል። ቃጫው ለገመድ ይቀመጣል። የተፋቀው በእንሰት ቅጠል ተሸፍኖ ጉድጓድ ውስጥ ለሳምንታት፣ ለወራትም ይብላላል፤ በየጊዜው ተከፍቶ ይገላበጣል። ሊጋገር ሲል እንደገና ይጨመቃል፣ ይከተፋል፣ በቅጠል ተጠቅልሎ ምጣድ ላይ ይጣላል። እኛ በዳጣ አጥቅሰን በደቂቃዎች እንጨርሰዋለን። በአብዛኛው ቤት ከፍቂያው እስከ ምጣዱ የሴት ሥራ ነው።

ወደ ቆላው፣ ወደ አርባ ምንጭ ብንወርድም ነገሩ ያው ነው። የሽፈራው ቅጠል ከዛፉ ተሸምጥጦ፣ ከበቆሎ ዱቄት ከተድቦለቦለ ሊጥ ጋር ተቀቅሎ ኩርኩፋ ይሆናል። ቅቤ ካልገባበት ለጾም ይበላል። ጾመኛው ጾሜን ጠበቅሁ ሲል ያቺን ቅጠል የሸመጠጠችውንም ያስብ።

ጳውሎስ በዚያው መልእክት ምዕራፍ 11 የቆሮንቶስን ምእመናን በጽኑ ይገሥጻል። ለመብላት ሲሰበሰቡ አንዱ ቀድሞ ይጠግብ ነበር፣ ሌላው ይራብ ነበር፤ ስለዚህ እርስ በርሳችሁ ተጠባበቁ ይላቸዋል። ይህ ተግሣጽ ቤታችንም ይገባል። አባት ባርኮ፣ እንግዳ ተጋብዞ፣ ልጆች ጠግበው፣ የፋቀችውና የጋገረችው እናት ጭስ ውስጥ ቆማ የተረፈውን የምትጠብቅ ከሆነ ማዕዱን በደንብ ባረክነው ማለት አይቻልም። ምስጋናችን ሰጪውን ጠርቶ እጁ ያደረጋትን ረስቷልና።

እንግዲህ ከዛሬ ማታ ጀምሮ፣ በመስቀል ድግስም ቢሆን፣ ማዕድ የምትባርኩ ሁሉ ወጥ ቤት ያለችው መጥታ ከጎናችሁ እስክትቀመጥ ጸሎቱን አትጀምሩ።