ደርስ ስንቀርጽ ቦታ እንዳያጥረን፦ የቪዲዮ ፎርማት አመራረጥ



በረመዳን የቀረጽነውን ደርስ ኤዲት ልናደርግ ስንቀመጥ የጀመዓው ሀርድ ዲስክ ሞልቶ አገኘነው። ቦታ ለማግኘት ብለን በቴሌግራም የለቀቅነውን ቅጂ አስቀርተን ዋናውን አጠፋነው። በኋላ ደርሱን ለአዲስ ተማሪዎች አሳጥረን ልናዘጋጅ ስንል በእጃችን የቀረው የኪታቡ ጽሑፍ እንኳ የማይነበብበት ደብዛዛ ቅጂ ነበር። ጥፋቱ የራሳችን ነው፤ የተማርነውን ግን እናካፍላችሁ።

በመጀመሪያ ዕቃውንና በውስጡ ያለውን እንለይ። ኤምፒ4 እና ኤምኦቪ መያዣ ዕቃዎች ናቸው። ቦታ የሚበላው በውስጣቸው ያለው ነው፤ ይኸውም ምስሉ የታመቀበት ዘዴ፣ ማለትም ኮዴኩ፣ እና በሴኮንድ የሚመደብለት ዳታ፣ ማለትም ቢትሬቱ ነው።

ስሌቱ ቀላል ነው፤ ቢትሬቱን በሴኮንዶቹ ብዛት አባዝተን ለ8 እናካፍላለን። በኤች 264 በሴኮንድ 17 ሜጋቢት የተቀረጸ የ1 ሰዓት ደርስ 17 × 3600 ÷ 8 = 7650 ሜጋባይት ይሆናል። ያንኑ ወደ ፕሮሬስ 422 ብንቀይረው፣ በ1080 ጥራትና በ25 ፍሬም በሴኮንድ 122 ሜጋቢት ገደማ ስለሚፈልግ ወደ 55 ጊጋባይት ያድጋል። ጥራት ግን አይጨምርም፤ ካሜራው ያልያዘውን ቅየራ አያመጣውም።

ታዲያ ፕሮሬስ ለምን ይመረጣል? ኤች 264 እና ኤች 265 ብዙውን ፍሬም ሙሉውን አይይዙም፤ ከሌሎቹ የሚለይበትን ብቻ ይይዛሉ። ስለዚህ ኮምፒውተሩ አንዱን ፍሬም ለማሳየት ሌሎቹንም መፍታት አለበት፤ ደካማ ላፕቶፕ ላይ የሚቆራረጠው ለዚህ ነው። ኤች 265 የበለጠ ቦታ ይቆጥባል፣ የበለጠም ያደክማል። ፕሮሬስ እያንዳንዱን ፍሬም ለብቻው ስለሚይዝ ለኤዲት ይቀላል።

ለእኛ የሚበጀው መካከለኛው መንገድ ፕሮክሲ ነው። ዳቪንቺ ሪዞልቭም ሆነ ፕሪሚየር ፕሮ ከዋናው ፋይል አነስተኛ ቅጂ ይሠሩልናል። በቅጂው ላይ እንቆርጣለን፤ የመጨረሻው ቪዲዮ ግን ከዋናው ይወጣል። ሥራው ሲያልቅ ፕሮክሲውን እናጠፋለን፣ ዋናውን እናስቀምጣለን። ተቀምጦ ለሚያስተምር ኡስታዝ 4ኬ መቅረጽም አያስፈልግም፤ 1080 በኤች 264 ይበቃል። ለቴሌግራም በ3 ሜጋቢት ብናወጣው የ1 ሰዓቱ ደርስ 1.35 ጊጋባይት ይሆናል፤ ከ2 ጊጋባይት ገደቡም አያልፍም።

የሐዲስ ተማሪዎች በመካከል ያሉት አስተላላፊዎች ጥቂት የሆኑበትን ኢስናድ ለምን እንደሚወዱ እናውቃለን። ቪዲዮም እንዲሁ ነው፤ ከቅጂ ላይ ቅጂ እንደገና በታመቀ ቁጥር የሚጠፋ ነገር አለ። የጠፋው ደግሞ አይመለስም።

ኡስታዞቻችን ጊዜያቸውን የሰጡን አምነውን ነው፤ ቀረጻውም አማና ነው። ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ ዲስኩ ሲሞላ መጀመሪያ ፕሮክሲዎችን፣ ከዚያም በድጋሚ ልናወጣቸው የምንችላቸውን ቪዲዮዎች እናጥፋ። ዋናው ፋይል ሌላ ቦታ መቀመጡን ሁለት ሰዎች ሳያረጋግጡ አይነካ።

ወቢላሂ ተውፊቅ።