ግብር የለም በሚባልበት አገር ለምትሠራ ልጅ

ልጄ፣ በዱባይዋ ሐታ ካለው ግድብ ስንመለስ “ይህ አገር ያደገው ግብር ስለሌለው ነው፤ የኛም መንግሥት ግብሩን ቢያነሳ ኖሮ እኔ እዚህ አልመጣም ነበር” አልሽኝ። ነገሩ ከልብሽ እንደወጣ ስላየሁ በችኮላ ልመልስልሽ አልፈለግሁም። አባትሽ የደሴ ሱቁን የዘጋበትን ዓመት አልረሳሁም፤ ግብር የሚለው ቃል ለቤታችሁ ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ። ሆኖም ሐሳብሽ ግማሹን ብቻ የያዘ ስለመሰለኝ ቀሪውን ልጻፍልሽ። የውጭውን ዘመን በፈረንጅ፣ የኛን በኛው አቆጣጠር አስቀምጥልሻለሁ።

1. መጀመሪያ ደረሰኝሽን አንብቢ። ከደመወዝሽ ላይ ግብር አይቆረጥም፤ ይህ እውነት ነው። ነገር ግን ከ2018 መባቻ ጀምሮ አብዛኛውን ዕቃ ስትገዢ 5 በመቶ ቫት ትከፍያለሽ። ከዚያ አስቀድሞ በ2017 በሲጋራና በኃይል ሰጪ መጠጥ ላይ 100 በመቶ፣ በጋዝ ለስላሳ ላይ 50 በመቶ ኤክሳይስ ተጣለ። ዱባይ ቤት የተከራየ የውጭ ሰው የዓመት ኪራዩን 5 በመቶ ለማዘጋጃ ቤቱ ይከፍላል፤ ክፍያው በየወሩ እየተከፋፈለ ከመብራትና ከውሃ ቢሉ ጋር ስለሚመጣ ብዙ ሰው ልብ አይለውም። የቪዛው፣ የመታወቂያው፣ የሳሊክ መንገድ ክፍያውና የቅጣቱ ገንዘብ በዚህ ላይ ይደመራል። ከ2023 ጀምሮ ደግሞ ድርጅት ከ375,000 ድርሃም በላይ ከሆነው ትርፉ 9 በመቶ ይከፍላል። በ2025 በታላላቆቹ ዓለም አቀፍ ኩባንያዎች ላይ ዝቅተኛው ግብር 15 በመቶ ሆኗል።

ቫትና የአገልግሎት ክፍያ የገቢን መጠን አይጠይቁም። በወር 1,200 ድርሃም የምታገኝ ሠራተኛ ያገኘችውን ሁሉ ስለምታወጣ ግብሩ ከሞላ ጎደል በገቢዋ በሙሉ ላይ ያርፋል። 50,000 የሚያገኘው ሰው ግማሹን ቢያስቀምጥ ግማሹ አይነካም። የኛ የስደተኞቹ ነገር ደግሞ ለየት ይላል። እዚህ ሳናወጣ ለቤተሰብ የላክነውን ገንዘብ አገር ቤት 15 በመቶ ቫት ይጠብቀዋል። እናትሽ ሳሙና በገዛች ቁጥር ከሐታ የላክሽው ገንዘብ ግብር እየከፈለ ነው። ስለዚህ “እኔ ግብር ከፋይ አይደለሁም” አትበይ። ለሁለት መንግሥታት ትከፍያለሽ፤ የመጠየቅ መብትሽም ከዚያ ይጀምራል።

2. ከደመወዝ የማይወስድ መንግሥት ከሌላ ቦታ እንደሚያገኝ እወቂ። ኤምሬቶች በዋናነት የአቡ ዳቢ ነዳጅ አላቸው። ዱባይም በ1966 ነዳጅ አግኝታ ነበር፤ ዛሬ ግን ከገቢዋ ትንሹ ክፍል እሱ ነው። ወደቡ፣ አየር መንገዱ፣ መሬቱ፣ ከመንግሥት ኩባንያዎች የሚገኘው ትርፍና ክፍያው ናቸው የሚያኖሯት። የመብራትና የውሃ ድርጅቱን ዲዋን ተመልከቺ። መንግሥት በ2022 ከድርሻው 18 በመቶውን ብቻ ሸጦ 22.3 ቢሊዮን ድርሃም ገደማ አገኘ። እንዲህ ያለ ንብረት ያለው መንግሥት የሠራተኛን ደመወዝ ሳይነካ ሊኖር ይችላል።

ሁለተኛው ምክንያት እኛ ነን። ከአገሩ ነዋሪ ከአሥሩ ዘጠኝ ያህሉ የውጭ ሰው ነው። መንግሥት ለዜጎቹ ትምህርት፣ ሕክምና፣ የቤት መሥሪያ ድጋፍ፣ ጡረታና ዝቅ ያለ የመብራት ታሪፍ ይሰጣል። እኛ ሰላምና መንገድ አለን፤ የጤና ዋስትናውን አሠሪው እንዲከፍል ሕግ ያስገድደዋል፤ ጡረታ ግን የለንም። ይህን የምጽፍልሽ ይህን አገር እንድታማርሪ ብዬ አይደለም፤ ይህ አገር ለብዙ ቤተሰብ እንጀራ ሆኗል። ሒሳቡ እንዲገባሽ ነው። መንግሥት አብዛኛውን ነዋሪ በእርጅናው የመጦር ግዴታ ከሌለበት ወጪው ይቀልለታል፤ ግብሩንም ዝቅ ማድረግ ይችላል። ከ120 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ያላት ኢትዮጵያ ሕዝቧ ሁሉ የራሷ ነው። ሲያረጅ የምትሸኘው ወደ ሌላ አገር አይደለም።

ከደመወዝሽ ያልተቆረጠው ግብር ያልተቆረጠ ጡረታም እንደሆነ አስቢና በየወሩ በስምሽ አስቀምጪ። በወንድምሽ ስም አይሁን።

3. የመንግሥት ወጪ የትኛውን ተራራ እንደሚያይ ከሐታ ተማሪ። ዓለት የበዛበትን፣ ከባሕር የራቀውን ይህን ሥፍራ ገበያ ብቻውን አላለማውም። በ2016 የ1.3 ቢሊዮን ድርሃም የልማት ዕቅድ ታወጀለት፤ በ2021 ደግሞ የሃያ ዓመት ማስተር ፕላን ወጣለት። ግድቡ አጠገብ ዲዋ 250 ሜጋ ዋት የሚያመነጭ ጣቢያ መገንባት ያዘ። ውሃው በፀሐይ ኃይል ወደ ላይኛው ግድብ ይሳባል፤ ኃይል በሚፈለግበት ሰዓት ወደ ታች ይለቀቃል። ሥራው 1.421 ቢሊዮን ድርሃም ተመድቦለታል። ካያኩ፣ የእንግዳ ማረፊያው፣ አንቺ የምትሠሪበት ወጥ ቤት ሳይቀር የዚህ ወጪ ልጆች ናቸው።

አሁን ትንሽ ወጣ ብለሽ መስፉት ሂጂ። ተራራው ያው ነው፤ ሕዝቡም ዝምድና አለው። ነገር ግን ሐታ የዱባይ ናት፤ መስፉት የአጅማን። አጅማን ነዳጅ የላትም፤ በጀቷም ከዱባይ ጋር አይተካከልም። ለመንገድ፣ ለትምህርት ቤትና ለመብራት የሰሜኑ ኤምሬቶች በፌዴራሉ መንግሥት ላይ ይደገፋሉ፤ ያ ገንዘብ ደግሞ ለረጅም ጊዜ በብዛት ከአቡ ዳቢ ሲመጣ የኖረ ነው። ሁለቱም ጎረቤታሞች የደመወዝ ግብር አይከፍሉም። ስለዚህ በሁለቱ መካከል የምታይውን ልዩነት ግብር አላመጣውም፤ ያመጣው የአውጪው ኪስ ነው። “ግብር ባይኖር” እያልሽ ከማሰብሽ በፊት ይህን ለራስሽ መልሺ።

4. ግብርን የጠላ ሁሉ ስግብግብ አይደለም። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ሲወጣ የጎጃም ገበሬ ነፍጥ አነሣ። ገበሬው የፈራው ልኬታውን ነበር። መሬቴ ከተለካ ርስቴ ይሄዳል ብሎ አመነ። ከገዥዎቹ ያየው መከራ ካልሆነ በቀር በግብሩ የተሠራለት ነገር ስላልነበረ የመንግሥትን ቃል የሚያምንበት ምክንያት አጣ። ንጉሠ ነገሥቱ ጦር ላኩ፤ አውሮፕላንም ተላከ። በመጨረሻ ጠቅላይ ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ ዕንቁ ሥላሴ ተነሡ፤ ውዝፍ ግብርም ተማረ። አዋጁ በወረቀት ሲታይ ፍትሐዊ ነበር። ከፋዩ ግን ገንዘቡ ተመልሶ ሲመጣ አይቶ አያውቅም፤ አባትሽም ያዘነው በዚሁ ነው።

5. “ግብር ተቀነሰ” ሲሉሽ እርሳስ አንሺ። በሐምሌ 2017 ዓ.ም. የአገራችን ምክር ቤት የገቢ ግብር አዋጁን አሻሽሎ ከግብር ነፃ የሆነውን ደመወዝ ከ600 ብር ወደ 2,000 ብር አሳደገው። ትልቁ 35 በመቶ ከ10,900 ብር በላይ ይጀምር የነበረው ከ14,000 በላይ ሆነ። እኔ አስልቼዋለሁ። 2,000 ብር የሚያገኝ ሰው 157 ብር ከ50 ይከፍል ነበር፤ አሁን ምንም አይከፍልም። 10,000 የሚያገኝ ከ2,045 ወደ 1,650 ወረደለት። 20,000 የሚያገኝም፣ 100,000 የሚያገኝም እኩል 550 ብር ተረፈው። በብር ካየሽው ከፍተኛ ደመወዝተኛው የበለጠ ተጠቀመ፤ ከገቢው አንጻር ካየሽው ግን ዝቅተኛው በለጠ። ሁለቱም ሒሳብ ትክክል ነው፤ እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ፤ ምክንያቱም ለ2,000 ብር ደመወዝተኛ 157 ብር የልጅ ደብተር ነው።

ከዚህ ጀርባ ያለውን ግን ብዙ ሰው አላየውም። የቀድሞው ሰንጠረዥ የወጣው በ2008 ዓ.ም. ነው። ያኔ 10,900 ብር ወደ 500 ዶላር ይጠጋ ነበር። አዲሱ 14,000 ብር ሲወጣ ግን በ135 ብር ገደማ ምንዛሪ 100 ዶላር ከጥቂት ነው። በመካከሉ ባሉት ዓመታት ዋጋ ሲንር ደመወዝም በስም ተጨመረ፤ መምህሩና ነርሷ ሳይበለጽጉ ከፍ ወዳለ የግብር መደብ ገቡ። ማንም አዋጅ ሳያውጅ ግብራቸው ከበደ። ስለዚህ የ2017ቱ ቅነሳ ከተወሰደው ጥቂቱን መመለስ ነው፤ ሰንጠረዡ ከዋጋ ጋር በየጊዜው ካልተስተካከለ ዳግም ይበላቸዋል። ለገበሬውና ለጉልት ቸርቻሪዋ ደግሞ ይህ ቅነሳ ምንም አልደረሳቸውም፤ እነሱ የሚያውቁት ቫቱን ነው።

6. የተቀነሰውን ማን እንደሚሞላው ጠይቂ። በመስከረም 2022 የብሪታንያዋ ጠቅላይ ሚኒስትር ሊዝ ትረስ መንግሥት መሙያው ያልታወቀ የ45 ቢሊዮን ፓውንድ የግብር ቅነሳ አወጀ። ፓውንዱ ወደቀ፣ አበዳሪዎች ሸሹ፣ የእንግሊዝ ባንክ ቦንድ ለመግዛት ተገደደ፤ እሷም ሁለት ወር ሳይሞላት ሥልጣኑን ለቀቀች። በኛ አገር የግብር ገቢው ከጠቅላላው ምርት 10 በመቶ እንኳ አይሞላም። የበጀት ጉድለቱ ለዓመታት ከብሔራዊ ባንክ በሚወሰድ ብድር ሲሸፈን ኖሯል፤ ያ ገንዘብ ገበያ ሲገባ በ2014 ዓ.ም. የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ አለፈ። ምክንያቱ ይህ ብቻ አልነበረም፤ ጦርነትም ድርቅም ነበር። ዕዳው ግን የማን ቤት እንደገባ ታውቂዋለሽ፤ መሬትና ቤት ያለው ሰው ንብረቱ አብሮ ሲወደድ፣ ጤፍ በኪሎ የሚገዛው ከፈለ።

7. ወጪውንም መርምሪ። ነዳጅ ሲደጎም መኪና ያለው ሰው ይበልጥ ይጠቀማል፤ ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ ያለው ሴፍቲኔት ግን ምግብ ላጣው ገበሬ ይደርሳል። ሁለቱም “ድጎማ” ይባላሉ። አንድ ውሳኔ ለሁሉም እኩል እንደማይደርስ በምንዛሪውም አይተሻል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ አንድ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ። አንቺ የላክሽው ለእናትሽ በዛላት። ውጭ ሰው የሌላት ጎረቤቷ ግን የዋጋውን ጭማሪ ብቻ ተቀበለች። ስትልኪ ያቺን ጎረቤት አስቢያት። መንግሥትም የበጀቱን የመጀመሪያ ብር ለእሷ ሊያስብ ይገባዋል ብዬ አምናለሁ።

8. ወንድምሽ ሱቅ ሊከፍት እንደሆነ ነግረሽኛል፤ ገንዘቡም ያንቺ ነው። ንግድ ፈቃዱን ያውጣ፤ ሒሳቡን ከመጀመሪያው ቀን በመዝገብ ይያዝ፤ የሚከራከርበት ወረቀት ከሌለው በግምት ይወሰንበታል። ደረሰኝም ይስጥ፤ ሲገዛም ይቀበል። ከዚያ ወደ ወረዳው ፋይናንስ ጽሕፈት ቤት ሄዶ የዓመቱን በጀት ያንብብ። ብዙ ወረዳዎች በጀታቸውን በሠሌዳ ላይ መለጠፍ ለምደው ነበር፤ ከሌለ ይጠይቅ። ለደመወዝ ስንት፣ ለውሃና ለጤና ጣቢያ ስንት እንደተመደበ ፎቶ አንሥቶ ይላክልሽ። ባለፈው ዓመት የተመደበው መሠራቱንም በእግሩ ሄዶ ይይልሽ። ወረቀቱ ሲደርስሽ ወደ እኔ ይዘሽው ነይ፤ አብረን እናነበዋለን።