የሁለት ሜትሩ ሳንቃ

ወጣቱ የመፍቻው እጀታ ላይ ሙሉ ክብደቱን ጥሎ ዘለለ። ቡሎኑ ግን ንቅንቅ አላለም። ቦታው መርካቶ፣ ጎጃም በረንዳ አካባቢ ያለች አንዲት ጠባብ ጎሚስታ ናት። ጎማው የተኛ አይሱዙ የመንገዱን ግማሽ ይዞ ቆሟል፤ ከኋላው የተደረደሩት ታክሲዎች ጥሩንባ ይነፋሉ። ወጣቱ የዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነው፤ ለክረምት እረፍት መጥቶ አጎቱን ያግዛል። ፊዚክስን በጥሩ ውጤት አልፏል። ክብደቱ ግን ስድሳ ኪሎ አይሞላም።

በተገለበጠ ጣሳ ላይ ተቀምጠው መቁጠሪያቸውን የሚቆጥሩት አዛውንት ሦስት ጊዜ ሲዘል ዝም ብለው አዩት። በአራተኛው ተነሡና ከግድግዳው ሥር የተጋደመ የውኃ ቧንቧ ቁራጭ አምጥተው እጀታው ላይ ሰኩበት።

«በል አሁን ቀስ ብለህ ተጫን። መዝለሉን ለፍየል ተውላት።»

ተጫነ። ቡሎኑ ዘይት እንዳጣ ማጠፊያ ሲጥ አለና ዞረ።

«ጋሼ፣ ቱቦው ምን ጨመረበት?»

«ምንም አልጨመረም» አሉ አዛውንቱ። «እጀታው 30 ሳንቲሜትር ነው። እዚያ ጫፍ ላይ ወደ 150 ኪሎ ብትጭን ኖሮ ይፈታልህ ነበር፤ የለህም እንጂ። ቱቦው 90 አደረገልህ፣ ስለዚህ 50 ኪሎ በቃህ። ግን እጅህ የሄደበትን ልብ ብለሃል? በአጭሩ እጀታ አንድ ስንዝር የሚበቃው፣ አሁን ሦስት ስንዝር ወስዶብሃል። ማሽን ለጋሽ መስሎህ ከሆነ ተሳስተሃል፤ አራጣ አበዳሪ ነው። በጉልበት ያበድርሃል፣ በመንገድ ያስከፍልሃል።»

እዚህ ላይ አዛውንቱን የሚያበሳጫቸው አንድ ዓረፍተ ነገር አለ። «ቀላል ማሽኖች ሥራን ያቀላሉ» የሚለው ነው። ልጆች ይህን ሲሸመድዱ «ሥራን ይቀንሳሉ» ብለው ይረዱታል። በፊዚክስ ቋንቋ ግን ሥራ ማለት ኃይል በርቀት ተባዝቶ የሚገኘው ነው፤ ኃይሉ ሲቀንስ ርቀቱ በዚያው ልክ ይረዝማል፣ ብዜቱም እዚያው ይረጋል። ተማሪው ቀመሩን ያውቀዋል። ቱቦ ፈልጎ እጀታው ላይ ለመሰካት ግን አላሰበም።

«ክሪኩስ? እሱም ያበድራል?» ሲል ጠየቀ ወጣቱ፤ ጥያቄው ደግሞ አዛውንቱ ሊናገሩ የፈለጉት ላይ ወደቀ።

ክሪኩ የድሮ ባለ ጠመዝማዛ ነው። ማዞሪያው 30 ሳንቲሜትር ይረዝማል፤ አንድ ዙር ሲዞር የያዘው እጅ 188 ሳንቲሜትር ያህል ይጓዛል። በዚያ ሁሉ ጉዞ ጠመዝማዛው ከፍ የሚለው በአንድ ጥርስ፣ ማለትም በ6 ሚሊሜትር ብቻ ነው። ሁለቱን አካፍለው፤ ከ300 እጥፍ ይበልጣል። በዚህ ሒሳብ 20 ኩንታል ለማንሣት ከ7 ኪሎ ያነሰ ግፊት በበቃ ነበር። አይበቃም። ብረት ከብረት ሲፋተግ ከግማሽ የሚበልጠውን ስለሚበላው፣ በእጅ የሚሰማው ወደ 20 ኪሎ ነው። ሰው ይህን እንደ ጉድለት ያየዋል። አዛውንቱ ግን ጎንበስ ብለው ከመኪናው ሥር እያመለከቱ፣ ፍትጊያው ከግማሽ በታች ቢበላ ኖሮ እጅህን ስትለቅ ክሪኩ በራሱ ወደ ኋላ እየዞረ መኪናው ይወርድብህ ነበር አሉት። ጭነቱን ከፍ ባለበት አንቆ የያዘው ያ የሚባክነው ጉልበት ነው። ወጣቱ ሳይታወቀው እግሩን ከመኪናው ሥር ሰበሰበ።

ጠመዝማዛ ምንድን ነው ቢባል፣ ምሰሶ ላይ የተጠቀለለ ተዳፋት ነው። ወረቀት በሦስት ማዕዘን ቆርጦ እርሳስ ላይ የጠቀለለ ልጅ ያየዋል። ተዳፋት ሲነሣ ደግሞ ሳንቃ ይነሣል፤ ሳንቃ ከተነሣ አዛውንቱን ማስቆም አይቻልም።

ነገሩ የሆነው በ1968 ዓ.ም. ነው። አዛውንቱ ያኔ አሁን ወጣቱ ባለበት ዕድሜ ነበሩ፤ ስሙ ይቅርና አንድ መጋዘን ውስጥ በቀን ሠራተኝነት በርሚል ይጭኑ ነበር። ዘይት የሞላ ባለ 200 ሊትር በርሚል ከነቆርቆሮው ወደ 2 ኩንታል ይመዝናል። የመኪናው አልጋ ከመሬት 120 ሳንቲሜትር ከፍ ይላል። መጋዘኑ ሁለት ሳንቃዎች ነበሩት፣ አንዱ 4 ሜትር፣ ሌላው 2 ሜትር። አለቃው ረጅሙን ከልክሎ አጭሩን አዘዘ። ምክንያቱ ምን ነበር? «መንገድ ያሳጥራል።»

«ሦስቴ ነገርኩት!» አሉ አዛውንቱ፣ ሃምሳ ዓመት ያልበረደ ቁጣ እያደሰባቸው። «ጌታዬ፣ በርሚሉ ሁለት ኩንታል ነው። ሜትር ከሃያ ቀጥ አድርገህ ብታነሣው፣ ሁለት መቶ ኪሎ በሜትር ከሃያ፣ 240 ነው። በሁለት ሜትሩ ሳንቃ ብትገፋው 120 ኪሎ በሁለት ሜትር፣ 240። በአራት ሜትሩ ግን 60 ኪሎ በአራት ሜትር፤ ያው 240። ሥራው አንድ ነው፤ ወገባችን ግን አንድ አይደለም! ደግሞ ገመድ ስጠን፤ ጫፉን አልጋው ላይ አስረን፣ በበርሚሉ ሥር አሳልፈን ወደ ላይ መልሰን ስንስበው በርሚሉ ራሱ በከራ ይሆንልናል፤ 30 ኪሎ እንስባለን፣ ገመዱ ስምንት ሜትር ይሳባል። ሰላሳ በስምንት ስንት ነው?»

«240» አለ ወጣቱ።

«240! እሱ ግን ምን አለ መሰለህ? ‹አንተ ሰነፍ፣ ጉልበት ስለሌለህ ነው ሒሳብ የምታበዛው።›»

በርሚሉ ከአጭሩ ሳንቃ እኩሌታ ላይ ወደ ኋላ ተንከባለለ። አዛውንቱ እስከዛሬ የግራ እግራቸው አውራ ጣት በክረምት ይጠዘጥዛቸዋል። አደጋው «የጥንቃቄ ጉድለት» ተብሎ ተመዘገበ፤ የሦስት ቀን ደመወዝም ተቆረጠባቸው። በማግስቱ ረጅሙ ሳንቃ ከተደገፈበት ወርዶ የመጋዘኑ ዘበኛ አልጋ ሆኖ አገኙት። ይህን የመጨረሻውን ሲናገሩ ድምፃቸው ከእግራቸው ይልቅ ለሳንቃው ያዘነ ይመስላል።

በሳንቃ ላይ የሚፈጸመው በደል ከመጋዘኑ ይጀምራል ብሎ የሚያስብ ካለ ተሳስቷል። የእስክንድርያው ሄሮን በመጀመሪያው ክፍለ ዘመን ስለ መካኒክስ በጻፈው መጽሐፍ አምስት ማሽኖችን ቆጠረ፦ ጎማና እንዝርት፣ መፈንቅል፣ በከራ፣ ሽብልቅ፣ ጠመዝማዛ። መጽሐፉ ሙሉውን የቆየልን በ9ኛው ክፍለ ዘመን ቁስጣ ኢብን ሉቃ ወደ ዐረብኛ ስለመለሰው ነው። ተዳፋት ግን ከአምስቱ አንዱ አልሆነም። ሽብልቅም ጠመዝማዛም የእርሱ ልጆች ሆነው ሳለ አባትየው ሳይቆጠር ቀረ። ምናልባት ዝም ብሎ ስለሚተኛ ይሆናል፤ የማይንቀሳቀስን ነገር ማን ማሽን ይለዋል?

ወጣቱ እዚህ ላይ መጠየቅ ነበረበት፤ ጠየቀም። «ታዲያ ሒሳቡን ማን አገኘው?»

አዛውንቱ ከጎማው ሥር ከተደረደሩት የእንጨት ታኮዎች አንዱን አነሡ። አንድ ጎኑ ቀጥ ያለ፣ ሌላው ጎኑ ዘቅዘቅ ብሎ የረዘመ ነው። ወጣቱ በሁለት መዳፉ ግራና ቀኙን አፍኖ አየር ላይ እንዲይዘው አዘዙት። ከዚያ «ይቅር ይበለኝ» ብለው አማትበው መቁጠሪያቸውን አናቱ ላይ አጠለቁት፤ አንዱ ወገን በአጭሩ ጎን ቀጥ ብሎ ወረደ፣ ሌላው በረጅሙ ተዳፋት ላይ ተኛ፣ የቀረው ከሥር ተንጠለጠለ።

«ይዞራል?»

«አይዞርም።»

«በተዳፋቱ ላይ ያሉት ፍሬዎች በቀጥታው ካሉት ይበዛሉ፤ ታዲያ ለምን አይጎትቷቸውም? ቢጎትቱማ አንዱ ፍሬ ሲወርድ ሌላው ይተካዋል፣ መቁጠሪያው እስከ ምጽአት ሲሽከረከር ይኖራል። ያለ በሬ የሚዞር ወፍጮ አይተህ ታውቃለህ? ስለዚህ እኩል ናቸው። ረጅሙ ጎን የአጭሩ እጥፍ ቢሆን፣ በረጅሙ ያሉት አራት ፍሬዎች በአጭሩ ካሉት ሁለት ጋር ይመዛዘናሉ ማለት ነው።»

ይህን ያሰበው የብሩዥ ተወላጁ ሲሞን ስቴቪን ነው፤ በ1586 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ 14 ኳሶች የተሰኩበትን ሰንሰለት በሦስት ማዕዘን ላይ አድርጎ ሥሏል። ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ጋሊሌዮ ተፈጥሮን በማሽን ማታለል እንደማይቻል ጻፈ። ከዚያ በኋላ ያሉትን ብዙ ዓመታት አዛውንቱ በአንድ የእጅ ውርወራ ዘለሏቸው። የቸኮሉት ወደ ሴባስቶፖል ነው።

ሴባስቶፖል በደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ ቀልጦ የተሠራው የአፄ ቴዎድሮስ መድፍ ነው፤ ክብደቱ ወደ 70 ኩንታል ይደርሳል። ንጉሡ መድፉን ይዘው በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ከደብረ ታቦር ተነሥተው መጋቢት ላይ መቅደላ ደረሱ። በመቶ የሚቆጠሩ ሰዎች በጠፍር ጎተቱት ይባላል፤ እውነት ነው። አዛውንቱን የሚያንገበግባቸው ከዚያ በኋላ የሚባለው ነው። ተራኪ ሁሉ የጎታቾቹን ክንድ ያወድሳል፤ መንገዱን ማንም አያነሣም። ጅዳንና በሽሎን የሚያህል የወንዝ ገደል በክንድ አይታለፍም። ንጉሡ በየዕለቱ መንገድ ሲያስጠርጉ፣ ዐለት ሲያስፈነቅሉ፣ ራሳቸውም ድንጋይ ሲያነሡ ነው የከረሙት። መንገዱ ገደሉን እየተጠማዘዘ ይወርዳል፣ እየተጠማዘዘ ይወጣል። አሥር ክንድ ሄዶ አንድ ክንድ በሚወጣ መንገድ ላይ፣ ፍትጊያው ሳይታሰብ፣ 70 ኩንታል የሚጎትተው እንደ 7 ኩንታል ነው። የተከፈለው ዕዳ ስድስት ወር ሙሉ ነበር። ንጉሡን ሊወጋ ኋላ የመጣው የእንግሊዙ የናፒየር ጦርም ወደ መቅደላ ሲገሰግስ በዚያው በንጉሡ መንገድ ተጠቀመበት፤ ሳንቃ ለሠራውም ለጠላቱም እኩል ያበድራልና።

«ቴዎድሮስ አደባባይ ላይ የመድፉ አምሳያ ቆሟል» አሉ አዛውንቱ። «የመንገዱ አምሳያ የት አለ?»

ወጣቱ መልስ አልነበረውም፤ ታኮውን አሁንም በሁለት መዳፉ እንደያዘ ነው። የጥሩንባው ጩኸት በርትቷል። አዛውንቱ መቁጠሪያቸውን ወሰዱና የቀሩትን ማሽኖች ጎማው እየተቀየረ ባለባት ደቂቃ አጣደፏቸው። ፍልጥ የሚፈልጠው መጥረቢያ ሽብልቅ ነው፤ ወደ ታች የመጣውን ምት ወደ ጎን ያዞረዋል። ባሬላ ማሽን አይደለም፤ ሁለት ሰው ሙሉውን ጭነት ተካፍሎ ይሸከማል፣ አራት ነጥብ። ባለ አንድ ጎማ ጋሪ ግን መፈንቅል ነው። ጭነቱ ከጎማው 50 ሳንቲሜትር፣ እጀታው 150 ሳንቲሜትር ቢርቅ፣ ገፊው ሲሶውን ብቻ ያነሣል፤ የቀረውን መሬት ይሸከምለታል። ከተማ ሙሉ ፎቅ እየተሠራ አሁንም ባሬላ የሚያሸክም ተቋራጭ አለ፤ የመጋዘኑ አለቃ ዘመድ ሳይሆን አይቀርም።

አዲሱ ጎማ ገባ። ወጣቱ ቡሎኖቹን በእጁ አስያዛቸው። ክሪኩ ወረደ፤ ወጣቱም መፍቻውን አነሣ። ከዚያ ትምህርቱ የገባው ሰው ፊት አሳይቶ ቱቦውን እጀታው ላይ ሰካ፤ በሁለት እጁ ይዞ ወገቡን አሾረ።

«ተው! ተው! ቱቦውን አውጣ!» አዛውንቱ በሚያነክሰው እግራቸው ሮጡ። «ሲፈታ ሦስት እጥፍ የሆነ ሲጠብቅም ሦስት እጥፍ ነው፤ የቡሎኑን አንገት ትበጥሰዋለህ። እጀታው 30 ሳንቲሜትር የሆነው በከንቱ መሰለህ?»

ወጣቱ ቱቦውን አወጣ። በእጁ እያጠበቀ አንዱን ጨርሶ ትይዩው ወዳለው ሄደ። አዛውንቱ ቱቦውን በጨርቅ ጠርገው ከጣሳቸው ጎን አቆሙት፤ ሾፌሩም ከመስኮቱ አንገቱን አውጥቶ፣ ለቱቦው ስንት ልክፈል ብሎ ጠየቀ።